በራስሽ ቃል

ማክሰኞ፣ ሚካኤል

የሁሉም ወጥቷል፣ የእኔ የለም። ከስሜ ፊት ሁለት ፊደል ብቻ። ኤንጂ። ውጤት አልተሰጣትም ማለት ነው።

የነገረችኝ ሰላም ናት፣ የዶርም ጓደኛዬ። አገሯ እስቴ ነው። መንገዱ አላስተማመናትም፤ ለዕረፍት አገሯ ሳትገባ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቀረች። እኔ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ እናት አባቴ ቤት ነኝ። ስልክ የሚሠራው ከአውድማው በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ብቻ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እዚያ እወጣለሁ። ዛሬ ገና ሳልቀመጥ ጠራ።

«ማስቱ፣ አጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም። ምን ሆንሽ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። የእንግሊዝኛው ተለጥፏል። እኔ ቢ አግኝቻለሁ፣ እሱን አሁን ተይው። አንቺ ጋ ግን ኤንጂ ይላል።»

ኮምፒውተሩ ነው አልሁ። ማስተዋል የሚለውን ስሜን አሳስተው ጽፈውት ይሆናል አልሁ። «አይደለም» አለች።

ከዚያ እየተቆራረጠ ነገረችኝ። መምህራችን ቢሮ፣ መምህር ናትናኤል ጋ ሄዳ ጠይቃለች። በፈተናው የመጨረሻ ጥያቄ ላይ የጻፍሁት አንቀጽ ከሞጁሉ፣ ከኮርሱ መጽሐፍ ጋር አንድ ነው ብሏታል። ይመሳሰላል አላለም። አንድ ነው፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። በስልክ ወይም በወረቀት አስገብታ ገልብጣለች ብሎ ጉዳዩን ለዲፓርትመንቱ አስተላልፏል። በሚመጣው ማክሰኞ ጠዋት ቀርቤ መልስ መስጠት አለብኝ። ጥፋተኛ ከተባልሁ ኤፍ፣ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት እገዳ። ካልቀረብሁም ያው ነው።

«ስልክ ይዘሽ ገብተሽ ነበር እንዴ?»

«አንቺም?»

«ልጠይቅ ብዬ ነው፣ ምን ታኮርፊያለሽ። እኔ አምንሻለሁ። እነሱ ናቸው የማያምኑሽ።»

አንድ ዓመት። የላይ ቤት ጎረቤቶቻችን ልጅ ለጥቂት ወር ብላ ከኮሌጅ መጥታ ነበር። አሁን ልጅ አዝላ ውሃ ስትቀዳ አገኛታለሁ። ስለ ትምህርት አንጠያየቅም። እሷም አታነሣውም፣ እኔም አላነሣባትም። እኔንም ወደፊት እንደዚያ ሰው ሳያነሣብኝ ሲያልፍ ታየኝ።

አልሰረቅሁም። ሞጁሉ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እኔ ውስጥ ነበር። ይህን ለማላውቃቸው ሰዎች እንዴት አድርጌ አስረዳለሁ? በእንግሊዝኛ ይሆን የሚጠይቁኝ?

ስወርድ አባቴ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ውጤት መጣ?» አሉኝ።

«ገና ነው አባዬ።»

ፈጥኜ ነው ያልሁት። ሳላስብ እንደዚያ መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር።


ረቡዕ

እንዴት እንደሆነ ለራሴ ልጻፈው። ምናልባት ስጽፈው ማክሰኞ የምለውን አገኝ ይሆናል።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። በመኖሪያችንና በሚያስተምሩበት ቤት መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ልጅ ሆኜ ስፌት ስሰፋ፣ ሽሮ ስነፋ፣ ከግድግዳው ወዲያ ተማሪዎቹ የተቀበሉትን ቀለም በተራ ያሰማሉ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ተማሪው ሲረሳ አይቆጡም። በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፣ ልጁ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የሚቆጡት የጠፋበትን ቃል በሌላ ቃል ሲሞላው ነው።

«ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው? ከራስህ!»

እኛ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ከራስህ። አንድ ጊዜ እናቴ ወጡን ያለ ልማዷ አጣፍጣ ስታቀርብ እኔ «ከራስሽ!» ብያት ሁሉም በሳቅ ሞቱ። ከዚያ በቀር በቀልድ አንለውም።

ማጥናት ምን እንደሆነ የማውቀው ከዚያ ግድግዳ ነው። በሁለተኛ ደረጃም እንደዚያው አጠናሁ። አንደኛ ወጣሁ። ማንም አንድ ነገር አላለኝም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የእንግሊዝኛው ሞጁል ታደለን። ከሽፋኑ ጀምሬ በቃሌ ያዝሁት። ማለዳ ከዶርሙ ጀርባ፣ ቀስ እያልሁ እየተወዛወዝሁ። ሰላም በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ማስቱ ማሕሌት ቆማለች፣ አትረብሿት!» ትላለች። የገባኝንም ያልገባኝንም ያዝሁ። ያልገባኝ ይበልጣል። አላስጨነቀኝም። እኛ ቤት ቃሉ ይቀድማል፣ ትርጓሜው በኋላ ከሌላ መምህር ይመጣል።

በሞጁሉ መጨረሻ ናሙና አለ። አንድ ተማሪ ኮርሱን ሲጨርስ የተማረውን መለስ ብሎ እያሰበ የጻፈው። የፈተናው የመጨረሻ ጥያቄም፦ በዚህ ኮርስ ምን ተማርሽ፣ ምን ከበደሽ፣ በራስሽ ቃል በአንድ አንቀጽ ጻፊ። እኔ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አላነበብሁትም። ገና ግማሹ ላይ ገጹ በልቤ ተከፈተልኝ። እጄ ሄደ። አንድ ቦታ አልቆመም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ጽፌ አላውቅም። ቀድሜ ወጣሁ። ውጭ ፀሐይ ነበር።

አሁን የጻፍሁትን በልቤ መልሼ አየዋለሁ። «የተወለድሁት በባሕር ዳርቻ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከቤታችን እንግሊዝኛ የሚናገር አልነበረም።»

ባሕር አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ይህን ስጽፍ እንኳ አልታወቀኝም። ስለ እኔ መሆኑ፣ አባቴ የተባለው የእኔ አባት መሆኑ። መምህር ናትናኤል አገራችንን አንድ በአንድ ጠይቆናል። ጋይንት ብዬዋለሁ። ሲያነበው ምን አለ ይሆን? ሳቀ? ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።


ሐሙስ

ዛሬ በእንግሊዝኛ፣ በራሴ ቃል ልጽፍ ተቀመጥሁ። ያንኑ ጥያቄ። ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ይህ ኮርስ በራስ መተማመኔን አሳድጎልኛል።» ሞጁል። መግቢያው ላይ አለ። ሰረዝሁት።

«ቋንቋ የሰዎች መገናኛ ድልድይ ነው።» ሞጁል።

«መጀመሪያ ላይ ብዙ ፈተናዎች ገጥመውኛል፤ ይሁን እንጂ» ሞጁል። «ይሁን እንጂ» እንኳ የእሱ ነው።

ወረቀቱ ጠቆረ። አንድም ዓረፍተ ነገር አልቀረም። ፈራሁ። እስከ ዛሬ የፈራሁት አያምኑኝም ብዬ ነበር። አሁን ሌላ ነገር ነው። ቢያምኑኝስ? አምነውኝ «እሺ፣ አሁን ጻፊ» ቢሉኝስ?

በአማርኛ ሞከርሁት። በዚያ ኮርስ በእውነት ምን ሆንሁ? በአማርኛ ሲሆን ይመጣል፤ ቢሆንም የሚመጣው ለመምህር የሚሰጥ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር ተዋወቂ ተባልሁ። ከጎኔ ያለው ልጅ ስሙን ነገረኝ፤ እኔም ስሜን ነገርሁት። ከዚያ ደወሉ እስኪደወል ሁለታችንም ደብተራችንን አየን። የቡድን ውይይት ሲሆን ሁልጊዜ ጸሐፊ እሆናለሁ። ጸሐፊ አይናገርም። ማዳመጥ የሚባለው ክፍል ላይ ድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ አውሮፕላን ማረፊያ ታወራለች፤ አንድ ጊዜ ሴትዮዋ «አመሰግናለሁ» ስትል ብቻ ገባኝና እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። መምህር ናትናኤል «ስሕተት አትፍሩ፣ ተናገሩ» ይላል። አንድ የስማዳ ልጅ አምኖት ተነሣና ተናገረ። ክፍሉ በሙሉ አነጋገሩን ሰምቶ ሳቀ። መምህሩ ዝም አሰኘን፣ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሕተት የሌለበትን ብቻ ለመናገር ወሰንሁ። ስሕተት የሌለበት ደግሞ የታተመው ነው።

ይህ ነው። የተማርሁት ይህ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ እንዴት ይሉታል?

ቋጥኙ ላይ ወጥቼ ሰላምን ደወልሁላት። እሷ ሁሉንም ነገር በሐሳቧ ጨርሳዋለች።

«ስሚ፣ ቀላል ነው። ገብተሽ ሞጁሉን በቃልሽ ዝለቂላቸው። ከሽፋኑ እስከ ሽፋኑ። አፋቸውን ይይዛሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይቅርታ ይጠይቁሻል፣ ምን ሊሉ ነው? እንዲያውም ኤ ይሰጡሻል።»

«እሺ፣ ምን ተማርሽ ቢሉኝስ?»

«እሱም ሞጁሉ ላይ የለም እንዴ?» አለችና ራሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። «ማስቱዬ፣ ብቻ ነይ። መንገዱ ክፍት ሳለ ነይ።»


ዓርብ

ለአባቴ ነገርኋቸው።

ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት። ከጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የከበሮውን ማንገቻ ያጠብቃሉ። ሌላ ሰው አልነበረም። አሁን ካልሆነ አይሆንም ብዬ ሄድሁ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገሪኝ።» ቀና አላሉም።

«የእንግሊዝኛ ውጤቴ ተይዟል። ኮርጀሻል ተብያለሁ፤ ማክሰኞ ቀርቤ መልስ እሰጣለሁ።»

እጃቸው ቆመ።

«አልኮረጅሁም አባዬ። በቃሌ የያዝሁትን ነው የጻፍሁት። ከመጽሐፉ ጋር አንድ ሆነባቸው።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ሳትስቺ?»

«ሳልስት።»

ፊታቸው በራ። ሊደብቁት ወደ ከበሮው አጎነበሱ፣ አየሁት ግን። በእኔ ኮርተዋል። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። በዚህ ነገር አንድ ሰው ሊኮራ የሚችለው እዚህ ጓሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ ማክሰኞ የምገባበት ክፍል ውስጥ ማንም አይኮራብኝም።

«ታዲያ ምኑ ነው ጥፋቱ?»

«በራስሽ ቃል ጻፊ ነው የሚለው።»

«መጽሐፉ እያለ?»

እሳቸው ማንገቻውን ሳብ አድርገው አዩት፤ ጠብቋል፤ እንደገና ፈቱት።

«ስለ ምን ነበር የጻፍሽው?»

«ስለ ራሴ። እንዴት እንደተማርሁ።» «አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው ብዬ ጽፌያለሁ።»

ዶሮ መጥታ ጠፍሩን ጫረች፣ አላባረሯትም።

«ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔ ግን አይደለሁም» አሉ።

ከዚያ ተነሡ። ማክሰኞ አብሬሽ እቀርባለሁ አሉ። በቃልሽ እንደምትይዢ ምስክር ነኝ፤ ከጡት ጀምሮ አውቅሻለሁ።

«አባዬ፣ እዚያ ምስክር አይጠሩም።»

«ምስክር የማይጠራ ዳኛ አለ?»

«ዳኛ አይደሉም። መምህራን ናቸው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

እናቴ ከውስጥ ሰምታን ኖሯል። «ኧረ ይተዋት መሪጌታ! ልጅቷ የምትናገረው በፈረንጅ አፍ፣ እርስዎ የሚመሰክሩት በግእዝ፤ መሐል ላይ ማን ሊያስታርቃችሁ ነው?»

አባቴ ከበሮውን አንሥተው ገቡ። እንዳይመጡ የከለከልሁት ለእሳቸው አስቤ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። እነዚያ ሰዎች ፊት ጥምጥማቸውን አድርገው ቆመው፣ «ልጄ ፊደል አትስትም» ሲሉ እንዳልሰማ ነው። ይህንንም ልጻፈው።


ቅዳሜ፣ ኪዳነ ምሕረት

ሕዝቡ ብዙ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ትምህርት እንዴት ነው? ደግ ነው። መንገዱስ? ይመስገን። አንዱ ቄስ «ልጃችን ፈረንጁን በቋንቋው አስለቀሰችው ይባላል» አሉ። እጃቸውን ሳምሁ።

ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ አየሁ። አባቴ መሐል ናቸው። ሁሉም አንድ አፍ ሆነው። አንድም ሰው ከራሱ አይልም። ሰውነቴ ዐረፈ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያላገኘሁትን ዕረፍት አገኘሁ። ወዲያው ደግሞ ጭንቀቱ ተመለሰ። እዚህ ስቆም የማርፈው ማንም ስለማይጠይቀኝ ነው።

አባቴ ከትናንት ጀምሮ አላናገሩኝም። በዓል ስለሆነ ነው ብላለች እናቴ።

ይዤ የምሄደው፦ ሞጁሉ፣ መታወቂያ፣ ነጠላ፣ ቆሎ። ሞጁሉ ምን ያደርግልኛል? ግን ያዝሁት።


እሑድ

ንፋስ መውጫ፣ አክስቴ ቤት።

አባቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። የሰው ሁሉ እግር አቧራ ላይ ነው፣ ከበዓል የሚመለስ። ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«እንደገና ጻፊ ቢሉሽ፣ እኔን ምን ልትይኝ ነው?»

መሪጌታ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። ሞጁሉ ላይ ዶክተር አለ፣ ገበሬ አለ፣ አብራሪ አለ፣ ፖስተኛ አለ። ድጓ የሚያስተምር ሰው የለም። «አስተማሪ» ብል የመምህር ናትናኤል ዓይነት ይመስላል። «ካህን» ብል ግማሹ ይቀራል።

«አላወቅሁም አባዬ» አልሁ።

«እንግዲህ የማታውቂውን አትጻፊ።» ቆሙ። ግንባሬን ሳሙኝ። ነገ ጾመ ነነዌ ይገባል፤ ተማሪዎቹን ትተው ሊሄዱ እንደማይችሉ ነገሩኝ። ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ፤ እኔም ደስ እንዳለኝ ያውቃሉ።

መናኸሪያው ባዶ ነው። ዛሬ የወጣ መኪና የለም። ትኬት የሚቆርጠው ልጅ «ነገ ይኖራል» አለ። «ርግጠኛ ነህ?» ስለው «እኔ ስለ ነገ እግዚአብሔር ነኝ እንዴ?» አለኝ። አክስቴ እግሬን አጠበችልኝና አጎረሰችኝ። ስለ ነገሩ አልነገርኋትም። ስለ ውጤት ጠየቀችኝ፤ «ደኅና ነው» አልሁ። ይኸው ሁለተኛ ውሸት።

ነገ መኪና ከሌለ ማክሰኞ አልደርስም። ካልደረስሁ ምንም ብል ምንም አይሆንም። ተኝቼ ይህንን ብቻ አስባለሁ፤ የሚያሳፍረው፣ ከሐሳቡ ሥር ትንሽ እፎይታ አለ። መኪና ባይኖርስ? መጻፍ አይኖርብኝም።


ሰኞ

መኪና ነበረ።

ተጠቅጥቀን ወጣን። ብዙም ሳንሄድ ኬላ ላይ ቆምን። ረዳቱ ወርዶ ተነጋግሮ ተመለሰ። «ትንሽ እንጠብቃለን፤ ከፊት እስኪጣራ» አለ። ምኑ እንደሚጣራ የጠየቀ የለም። ሞተሩ ጠፋ። ሰው ሁሉ ጾም ላይ ነው። ፀሐዩ በመስተዋቱ ይገባል።

ከጎኔ ከወገዳ የመጡ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ሐኪም ቤት ተኝቶባቸው ሊያዩት ይሄዳሉ።

«ተማሪ ነሽ ልጄ?»

«አዎ አባቴ።»

«ምን ትማሪያለሽ?»

«ገና አንደኛ ዓመት ነኝ። ሁሉንም ነው።»

«እንግሊዝኛም?»

«አዎ።»

«እስቲ በይ አሰሚን። ልቤ ይረፍበት።»

እምቢ ልል ነበር፤ ልጃቸውን እያሰቡ መሆኑ ፊታቸው ላይ አለ። አንድ ገጽ አልሁላቸው። ጊዜን በአግባቡ ስለ መጠቀም የሚለውን። ሳልቆም፣ ሳልሳሳት። ስጨርስ ረዳቱ አጨበጨበ። «ይቺማ ቴሌቪዥን ላይ ነው መቀመጥ ያለባት!»

«ምን ማለት ነው አሁን ያልሽው?» አሉ አዛውንቱ።

«ጊዜ ወርቅ ነው፣ ሳያባክኑ መጠቀም ነው፣ እንደዚያ።»

«ለዚህ ሹፌር ንገሪዋ!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት፤ መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ሹፌሩ ዞሮ «ለወታደሩ ተርጉሚልኝና እንሂድ» አለ።

ሴትዮዋ አልተወችኝም። «አሁን ደግሞ ስለ እኛ በይ። ስለዚህ መኪና። ተጠቅጥቀን፣ ፀሐይ እየፈጀን፣ ሆዳችን እየጮኸ። እስቲ እንዲህ በይው።»

አፌን ከፈትሁ። ሁሉም ያዩኛል። መኪና አውቃለሁ፤ ፀሐይ አውቃለሁ፤ ረኃብ አውቃለሁ። ቃሎቹ አንድ በአንድ አሉ፣ የሚያያይዛቸው የለም። እስካሁን ተያይዘው ነው የመጡልኝ።

«እየቀለደችብን ነው» አለ ረዳቱ።

አዛውንቱ ክንዴን ነካ አደረጉኝ። «ተዉአት፣ ደክሟታል።»

ኬላው ተከፈተ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ በመስኮት ሳይ ቆየሁ፣ ያየሁትን ሁሉ በእንግሊዝኛ ልል እየሞከርሁ። ድንጋይ። ብዙ ድንጋይ። አህያ ቆማለች። ሰውዬው እየመጣ ነው። ትክክል ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዛውንቱ የምጸልይ መስሏቸው «አሜን» አሉ።

ሰላም ከግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ። አቀፈችኝ። «ከስተሻል» አለች። «ነገ ዝለቂላቸው፣ እሺ? አንድ ቃል እንዳታስቀሪ።»


ማክሰኞ

ከሰዓት በኋላ። አልጋዬ ላይ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። መምህር ናትናኤል፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ የሆኑት ሴት፣ ሌላ ስልኩን የሚያይ መምህር። ኃላፊዋ «በአማርኛ መናገር ትችያለሽ» አሉኝ። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

በቃሌ ነው የያዝሁት አልሁ። ሙሉውን ሞጁል። ተያዩ። መምህር ናትናኤል ሞጁሉን መሐል ላይ ከፈተና ግማሽ መስመር አነበበ፣ ቀጥዬ ወሰድሁት። ሌላ ገጽ። ወሰድሁት። ያ መምህር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገው። መናገር ከጀመርሁ በኋላ ግን መቆም አልቻልሁም። ገጹ አልቆ ወደሚቀጥለው አለፍሁ። «በቃ» አለ። አልሰማሁትም ወይም ሰምቼ አላቆምሁም። «በቃ፣ ማስተዋል፣ በቃ።»

ሰላም እንዳለችው አፋቸውን ይዘዋል። የተደነቁ ግን አይመስሉም። ሰው ሲታመም እንደሚያዩት ነው ያዩኝ።

መምህር ናትናኤል የእኔን የፈተና ወረቀት አወጣ። ዓሣ አጥማጁ ያለበትን መስመር በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ ቀጥሎ ያለ አንድ ቃል ላይ ቆመ።

«ይህ ምን ማለት ነው?»

አየሁት። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ። አጻጻፌ እንኳ ቆንጆ ነበር።

«አላውቅም።»

«ሳታውቂው ነው የያዝሽው?» አሉ ኃላፊዋ።

«ቃሉ ይቀድማል ብዬ ነው። ትርጉሙ በኋላ ይመጣል ብዬ።»

መምህር ናትናኤል ግንባሩን አሸ። ያሸነፈ ሰው መልክ የለውም። ወደ ሁለቱ ዞሮ «አልኮረጀችም» አለ። «ግን ደግሞ አልጻፈችም። ምን ብዬ ነው ማርክ የምሰጣት?»

በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ሁሉንም አልሰማሁም። ከዚያ ነጭ ወረቀት ሰጡኝ። ያው ጥያቄ። አሁን፣ እዚሁ፣ በራስሽ ቃል።

ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው መስመር ሞጁል ነበር፤ እጄን ያዝሁትና ሰረዝሁ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ስጽፍ ጆሮዬ ላይ «ከራስሽ!» የሚል ሰማሁ፤ በአባቴ ድምፅ፤ ትከሻዬ ተሸማቀቀ። ጻፍሁት። ቀጥሎ ያለውንም። ግሱ የት እንደሚገባ እየጠፋኝ፣ ፊደል እየጣልሁ፣ የማላውቀውን ቃል በማውቀው እያዞርሁ። ስንት ጊዜ እንደሰረዝሁ አልቆጠርሁም። ወረቀቱ ቆሸሸ። እንደዚያ የቆሸሸ ነገር ለመምህር ሰጥቼ አላውቅም።

መምህር ናትናኤል ቆሞ አነበበው። ቀዩ እስክሪብቶ ወረደ፣ እንደገና ወረደ፣ እንደገና። አንድ ቦታ ላይ ቆየ። መለስ ብሎ አነበበና ለኃላፊዋ በጣቱ አሳያቸው። ምኑን እንዳሳያቸው አላየሁም። ፊቱን አነበብሁ፣ ምንም አይልም።

«የዲሲፕሊኑ ጉዳይ ተዘግቷል» አሉ ኃላፊዋ። «አትታገጂም።»

«ውጤቱን ሐሙስ እለጥፋለሁ» አለ እሱ። «ብዙ ስሕተት አለው።»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። አልታገድሁም። ሐሙስ ኤፍ ሊለጠፍም ይችላል፣ አልታገድሁም ግን።

ሰላም እየሮጠች መጣች። «ዘለቅሽላቸው?»

«ጥቂት ገጽ።»

«እና?»

«ሌላ አጻፉኝ። ከራሴ።»

አጠገቤ ቁጭ አለች። «ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ልነግራት አፌን ከፈትሁ፣ የለም። ከሞጁሉ የትኛውንም ገጽ ብትጠራ አሁኑኑ እላታለሁ። የጻፍሁት ግን አልተያዘልኝም። በምን እንደጀመርሁ፣ የት ላይ ነጥብ እንዳደረግሁ፣ በመጨረሻ ምን እንዳልሁ፣ ገና ቀለሙ ጣቴ ላይ ሳለ ጠፍቷል።

«አላስታውስም።»

«አንቺ? አንቺ አታስታውሺም?» ግንባሬን በመዳፏ ነካችው፣ ትኩሳት እንዳለኝ ለማየት።

አስባለሁ፣ አስባለሁ፣ አይመጣም። ወረቀቱ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። እንደገና ጻፊ ቢሉኝ ያንኑ መድገም አልችልም፤ ሌላ ነው የሚሆነው። ይህ ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም። ሐሙስ ይለጠፋል።